ቡችላው ሳሎን ውስጥ ሸናብን! ምን ይሻላል?

ሰላም ናችሁ ቤተሰብ! እንኳን ወደ ቻናላችን በሰላም መጣችሁ። ከኋላ የምትሰሙት ጭብጨባ አይደለም፣ የጅማ ዝናብ ነው። ጣሪያችን ቆርቆሮ ነው፣ ቻሉት። የዛሬው ርዕሳችን ቡችላ ነው። በተለይ የቡችላ ሽንት። አዎ፣ ሽንት። ምሳ ላይ ያላችሁ በልታችሁ ተመለሱ። ላይኩን ግን አሁኑኑ ተጫኑልኝ፣ ኋላ ትረሱታላችሁ።

እስቲ ጀበና አስቡ። ጀበና ዝም ብሎ አይገነፍልም። መጀመሪያ ጸጥ ይላል። ከዚያ ውስጥ ውስጡን ያጉረመርማል። ቀጥሎ እንፋሎቱ ይመጣል። ከዚያ አፉ ላይ ያቺ ቡናማ አረፋ ብቅ ትላለች። እዚህ ጅማ ቡና ስታፈላ የኖረች እናት ወሬዋን እንኳ አታቋርጥም። «ከዚያስ ምን አለችሽ?» እያለች፣ አረፋዋ ብቅ ስትል ጀበናውን ከከሰሉ ላይ ብድግ ታደርገዋለች። ስልኩ ላይ ያፈጠጠ ሰው ሲያፈላስ? ጭስስስ! ከሰሉ ጠፋ፣ አመዱ ቤቱን ሞላው፣ ቡናው ፈሰሰ። ታዲያ ከገነፈለ በኋላ ጀበናውን የሚቆጣ ሰው አይታችኋል? «አንተ ጀበና፣ አታፍርም?» የሚል? እኔ አላየሁም።

ቡችላም እንደዚያው ነው። ሊሸና ሲል ይናገራል። ጨዋታውን ድንገት ይተዋል። አፍንጫውን ወለሉ ላይ ይተክላል። ያሸታል፣ ያሸታል። ከዚያ መዞር ይጀምራል። መዞር ከጀመረ አረፋዋ ብቅ ብላለች ማለት ነው! አንሱት! ወደ ግቢ! ሩጡ!

የቀረው ቀላል ነው፣ ቶሎ ቶሎ ልበለው። ከእንቅልፉ ሲነቃ ይውጣ። በልቶ ሲጨርስ ይውጣ። ተጫውቶ ሲያበቃ ይውጣ። ሁሌም ወደ አንድ ቦታ ውሰዱት፣ የራሱ ሽታ ያስታውሰዋል። የ2 ወር ቡችላ ቀን ላይ ከ2 እና 3 ሰዓት በላይ መያዝ ይከብደዋል፣ ሌሊትም መነሳት አለ። ሸንቶ እንደጨረሰ እዚያው ቆማችሁ አሞግሱት፣ ትንሽዬ የተቀቀለ ሥጋ ስጡት። ቤት ገብታችሁ ከሰጣችሁት ግን የተሸለመው ስለገባ ይመስለዋል። ደግሞ ከወጥ ውስጥ አውጥታችሁ አትስጡት፣ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው። ካመለጠው ቦታውን በውኃና በኮምጣጤ እጠቡት። በረኪና አትድፉበት፣ ከሽንት ጋር ሲገናኝ የሚያፍን ጋዝ ያወጣል። ሽታው ካልጠፋ ደግሞ ነገም እዚያው ነው።

አሁን ወደ ኮመንቶቹ። ኧረ ጉድ! «አፍንጫውን ሽንቱ ላይ እሸው፣ ሁለተኛ አይለምደውም» የሚለው ብዛት! አንዱ ወንድማችን ጭራሽ ተከራከረኝ። «ጥፋቱን እኮ ያውቃል! ስገባ ጆሮውን ጥሎ፣ ጅራቱን ወሽቆ፣ ዓይኑን ይሰብራል» አለ። ወንድሜ፣ ዓይኑን መስበሩን አምናለሁ። ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የምትባል የውሻ ባህርይ ተመራማሪ በ2009 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ነገር ፈትናዋለች። ባለቤቱ ውሻውን «እንዳትነካ» ብሎ ምግብ አስቀምጦ ይወጣል። ሲመለስ «በልቷል» ወይም «አልበላም» ይሉታል። አንዳንዴ የሚነግሩት ውሸት ነው። ውጤቱስ? ውሾቹ ያንን የጥፋተኛ ፊት ያሳዩት ስለበሉ ሳይሆን ስለተቆጧቸው ነው። ምንም ያልበላው ምስኪንም ሲቆጡት ዓይኑን ሰበረ!

ስለዚህ ወንድሜ፣ ቡችላህ የሚያነበው ያንተን ፊት ነው። ከአሥር ደቂቃ በፊት የሸናውን ከቁጣህ ጋር አያገናኘውም። አፍንጫውን ስታሸው የሚማረው አንድ ነገር ነው፦ «በዚህ ሰውዬ ፊት መሽናት አደገኛ ነው»። ከዚያ ከሶፋው ጀርባ ይሸናል። ግቢ ስታወጣውም አንተን እያየ ይይዘዋል፣ ሲገባ ይለቀዋል። «እኔ በዱላ አሳድጌው ጨዋ ወጣው» የምትሉም አላችሁ። ጨዋ ያደረገው ዕድሜው ነው። ፊኛው ሲጠነክር ለናንተ ዱላ ምስጋና ተሰጠው።

የጅማ ልጆች፣ ክረምቱን እንዴት እናድርገው ላላችሁ፦ ቡችላ ዝናብ አይወድም። ብቻውን አስወጥታችሁ ከዘጋችሁበት በሩ ሥር ቆሞ ያለቅሳል፣ ሲከፈትለት ቀጥ ብሎ ምንጣፉ ላይ። ቆርቆሮ ያለው ጥግ አዘጋጁለት፣ ጃንጥላ ይዛችሁ አብራችሁ ውጡ። ሌሊት ደግሞ ጅቡን ታውቁታላችሁ፣ ለብቻው እንዳትለቁት። ቃሉም አንድ ይሁን። አባት «ና»፣ እናት «ኮቱ»፣ ልጅ «ካም» ሲሉት ቡችላው የቱን ይስማ?

ክትባቱን ሳይጨርስ መንገድ ለመንገድ አይዙር፣ ሽንቱን እዚያው ግቢያችሁ ውስጥ ይማር። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በ3 ወሩ ይጀምራል፣ በየጊዜውም ይደገማል። የእንስሳት ሐኪሙ ቀኑን ይጽፍላችኋል፣ ካርዱን እንዳትጥሉት። ጫማ ስለሚበላው ቡችላ የጠየቃችሁኝ በሚቀጥለው ቪዲዮ እመጣላችኋለሁ። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፣ ጫማችሁንም እስከዚያ ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፉበት። ቻው!