ለባቲ ገበያ ማን ይወዳደራል?

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። እኔና ማይክራፎኗ ብቻ ነን። ደሴ ላይ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ መስኮቴን ጋርዶታል፣ ስለዚህ ሐሳቤን የሚሰርቀኝ ነገር የለም። መብራት ካልሄደ በቀር።

የምጽፈውን የድምፅ ድራማ የምትከታተሉ ታውቃላችሁ። አገሩ የሌለ አገር ነው። ካርታውን ራሴ ነኝ የሣልኩት። አምስት ክልል፣ ሰባት ቋንቋ፣ አንድ ወደብ። ወደቡን የሰጠሁት ሆን ብዬ ነው። በሐሳብ አገር ላይ እንኳ ወደብ ልንከለከል ነው እንዴ?

ታሪኩ አሁን ምርጫ ላይ ደርሷል። ዋና ከተማው ውስጥ አንድ ትልቅ ገዢ ፓርቲ አለ። በየክልሉ ደግሞ ትንንሽ ፓርቲዎች አሉ። የደጋው ገበሬዎች፣ የወደቡ ሠራተኞች፣ የቆላው አርብቶ አደሮች፣ እያሉ ይቀጥላሉ። ሁሉም ወደ ግራ ዘመም ይላሉ፣ ግን ጫፍ አይሄዱም። ብቻውን ማንም አያሸንፍም። ስለዚህ ጥምረት ሊፈጥሩ ተቀመጡ።

የሚከብደው ፕሮግራሙ መስሎኝ ነበር። ፕሮግራሙ በአንድ ክፍል አለቀ። ጤና ጣቢያ በነፃ ይሁን ሲባል ማን ይቃወማል? ሀብታሙ ከፍ ያለ ግብር ይክፈል፣ ገበሬው ከመሬቱ አይፈናቀል፣ ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይማር። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ነገር የመጣው "እዚህ ቦታ ማን ይወዳደር?" ሲባል ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የኛም የምርጫ ሕግ እንደዛ ነው፤ በአንድ የምርጫ ክልል ከሌሎቹ አንድ ድምፅ የበለጠው ያልፋል። ገዢው ከመቶ 40 ያገኛል እንበል። ሁለት ተቃዋሚዎች 32 እና 28 ይከፋፈላሉ። አብዛኛው ሰው ገዢውን አልመረጠም፣ ወንበሩ ግን የሱ ነው። እንግዲህ ከሁለቱ አንዱ መተው አለበት። ማን ይተው? በቃ፣ ጥምረት ማለት እሱ ነው። ሌላው ወረቀት ነው።

ምርጫ 97ን አስታውሱ። ቅንጅት የአራት ተቃዋሚ ፓርቲዎች ስብስብ ነበር፤ መኢአድ፣ ኢዴአፓ-መድህን፣ ቀስተ ደመና እና ሊግ። 109 ወንበር አገኘ። ሌላው የተቃዋሚዎች ጥምረት፣ ኅብረት፣ ደግሞ 52። ከዚያ በኋላ የመጣውን መከራ ሁላችንም እናውቃለን፣ አልደግመውም። እኔን የሚገርመኝ ግን አንድ ነገር ነው። ከውጭ ያ ሁሉ ጫና እያለ፣ ውስጥ ውስጡን "አንድ ፓርቲ ሆነን እንዋሃድ ወይስ እንዲሁ ተጣምረን እንቆይ?" የሚለው ራሱ የጭቅጭቅ ምንጭ ሆነ። በኋላ መድረክ የሚባለው የተቃዋሚዎች ጥምረት ሲመጣ ደግሞ ከትግራይ፣ ከኦሮሞ፣ ከደቡብ የተነሡ ፓርቲዎችን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። ቀላል ነገር አልነበረም። በ2002 ምርጫ ከ547ቱ ወንበር የደረሰው አንድ ነው። አንድ! ለምን እንደሆነ ብዙ ይባላል፣ ጠረጴዛው ስለጠበበ ብቻ ግን አልነበረም።

ወደ ድራማዬ ልመለስ። ፓርቲዎቹ ድምፅ እንዴት ይስጡ? መጀመሪያ እኩል አደረግኳቸው። ሐሳቡን የወሰድኩት ከሰፈራችን ቅሬ፣ ሌላው አገር እድር ከሚለው፣ ነው። ቅሬ ላይ ሀብታም ደሃ የለም፤ እኩል ታዋጣለህ፣ ስትሞት እኩል ትቀበራለህ። የደጋው ሰብሳቢ ግን አልተዋጠለትም። "የአገሩ ግማሽ ሕዝብ የኔ ነው፣ ከዚህ ሚጢጢ ክልል ጋር እኩል እጅ ላወጣ?" አለ። እውነቱን ነው። ቅሬም ቢሆን የሚቆጥረው አባወራ ነው፤ ዘጠኝ ቤተሰብ ያለውም ሁለት ያለውም አንድ ድምፅ ነው። እንዲያ ሆኖ የሚሠራው ሞት ሁሉም ቤት ስለሚገባ ነው። ሥልጣን ሁሉም ቤት አይገባም።

የኛው ኢሕአዴግ በወረቀት ላይ እኩል ነበር። ምክር ቤቱ 180 ሰው፣ ከአራቱ ድርጅቶች እያንዳንዳቸው 45። የሕዝባቸው ብዛት ምንም ይሁን ምን። አፋር፣ ሶማሌ፣ ቤኒሻንጉል፣ ጋምቤላ፣ ሐረሪ ግን "አጋር" ተብለው ከዚያ ውጭ ነበሩ። ክልላቸውን ያስተዳድራሉ፣ የግንባሩ ሊቀመንበር ሲመረጥ ግን ድምፅ የላቸውም። በ2012 ብልጽግና ሲመሠረት ነው ይሄ የቀረው። ያኔ ደግሞ ሕወሓት አልገባም አለ። እኩል 45 ማለት በራሱ እኩልነት አላመጣም። ለማንም ፍርድ እየሰጠሁ አይደለም፣ ግን ድራማ ስጽፍ ይሄንን ሳላይ ማለፍ አልችልም።

የውጭም ልንገራችሁ፤ ይቺን በጣም ነው የምወዳት። ሕንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1996 ዩናይትድ ፍሮንት የሚባል የ13 ፓርቲዎች ጥምረት መንግሥት ያዘ። አብዛኞቹ የክልል ፓርቲዎች ነበሩ፤ የታሚሎች፣ የአንድራዎች፣ የአሳሞች፣ ከግራዎቹ ጋር ሆነው። ወንበራቸው ስለማይበቃ ኮንግረስ የሚባለው ትልቁ አሮጌ ፓርቲ ከውጭ ሆኖ ይደግፋቸው ነበር። በ97... የነሱን 97 ነው የምላችሁ፣ ከኛው እንዳታምታቱት... የኮንግረሱን መሪ የራጂቭ ጋንዲን ግድያ ያጣራው ኮሚሽን ሪፖርት ወጣ፣ ጣቱንም ወደ ዲ.ኤም.ኬ ቀሰረ። ኮንግረስ "ዲ.ኤም.ኬን፣ ማለት የታሚሎቹን ፓርቲ፣ ከመንግሥት አስወጡልኝ፣ አለዚያ ድጋፌን አነሣለሁ" አለ። አላስወጡም። ኮንግረስ በኅዳር ድጋፉን አነሣ፣ መንግሥቱ ወደቀ። በቀጣዩ ዓመት ምርጫ ሥልጣኑን የሁሉም ተቀናቃኝ የነበረው ፓርቲ፣ ቢጄፒ፣ ወሰደው።

ሞኝነት ነው? አንዳንዴ እንደዛ ይመስለኛል። አንዱን ጥለው አሥራ ሁለቱን ማትረፍ ይችሉ ነበር። ግን የመጀመሪያውን ከጣልክ በኋላ የቀሩት አሥራ ሁለቱ ማታ እንዴት ይተኛሉ? ሁሉም "ቀጣዩ እኔ ነኝ" ነው የሚለው። ለድራማዬ ይቺን ሰርቄያለሁ። የወደቡን ፓርቲ ጣሉት ሲባሉ እምቢ እንዲሉ አደርጋቸዋለሁ።

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ነገር ልምጣ። ሰኞ ባቲ ነበርኩ፣ ገበያ። አንድ ደላላ ፍየል ያሻሽጣል። ሻጩ አፋር ነው፣ ገዢው ከደጋ የወረደ። ለሻጩ በአፋርኛ "ትንሽ ቀንስ" ይላል፣ ዞሮ ለገዢው በአማርኛ "ጨምር እንጂ፣ እያት ጥርሷን" ይላል፣ ገመድ የያዘውን ልጅ በኦሮምኛ ይቆጣል። አንድ ትንፋሽ ነው፣ አይቆምም። ሻይ ጋበዝኩትና ወሬ ጀመርን። እናቱ የባቲ ኦሮሞ፣ አባቱ ከወረባቦ የመጣ አማራ፣ ሚስቱ አፋር። "ለመሆኑ በየክልሉ ፓርቲ ቢቋቋም የቱን ትመርጣለህ?" አልኩት። አየኝ። "ፍየል ልትገዛ ነው የመጣኸው ወይስ ቆጠራ ነህ?" አለኝ።

ሣቅኩ፤ መንገድ ላይ ግን ነገሩ ከነከነኝ። እዚህ ወሎ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ስንት ነው? ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 54 ላይ በቁጥር ላነሱ ብሔረሰቦች ቢያንስ 20 ወንበር እንዲያዝ ይላል። ጥሩ ነው። እሱ ግን ለትንሽ ሕዝብ ነው የሚሠራው፤ ለደላላው አይሠራም። እሱ ትንሽ አይደለም፣ ሦስት ቦታ ነው ያለው። የክልል ፓርቲዎች ጥምረት ደግሞ እያንዳንዱ የራሱን ቤት ይዞ ነው የሚመጣው። ፕሮግራሙ የቱንም ያህል ለደሃ ቢያደላ፣ ድንበሩ ላይ ያለው ገበያ የማንም ቤት አይደለም። ወይም የሁለት ሰው ቤት ይሆናል፣ ያ ደግሞ ይብሳል።

ስለዚህ ካርታዬ ላይ ደጋውና ቆላው የሚገናኙበት አንድ የገበያ ከተማ ጨመርኩ። ሁለቱ ፓርቲዎች እዚያ ተወዳዳሪ አያቀርቡም። በጥምረቱ የጋራ ምልክት ብቻ የሚቆም፣ የማንም ክልል አባል ያልሆነ ሰው ይወዳደራል። ዕጩዋን አግኝቻለሁ፤ ገበያው መሐል ሻይ የምትሸጥ ሴት ናት፣ የሁሉንም ዕዳ በቃሏ የምታውቅ። የደጋው ሰብሳቢ እያጉረመረመም ቢሆን ፈርሟል። የቆላው ግን ገና ነው። እሱ የሚለው፣ ብታሸንፍና ነገ ፓርላማ ውስጥ በግጦሽ መሬት ላይ ድምፅ ቢሰጥ፣ ከማን ጋር ነው እጇን የምታወጣው ነው። እስካሁን የምመልስለት የለኝም። የሚቀጥለው ክፍል የዘገየውም ለዚሁ ነው።