ሊንኩን ያልሰጠኋቸው ሰዎች
(ሐዋሳ ውስጥ ለሥራ ፈላጊዎች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ውድ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን አመሻችሁ።

በዚህ ሰዓት ሐይቅ ዳር ነፋሻ ቦታ መቀመጥ ስትችሉ እዚህ አዳራሽ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። አንዳንዶቻችሁ ዘንድሮ የተመረቃችሁ ናችሁ። ሌሎቻችሁ ደግሞ ሥራ እያላችሁ የተሻለ የምትፈልጉ ናችሁ። ዛሬ የምናገረው ኢንተርኔት ላይ የምታወጡት ሲቪ ያልፈለጋችሁት ሰው እጅ እንዳይገባ ስለማድረግ ነው። የምናገረው ለሁላችሁም ነው፤ ይበልጥ ግን ለሁለተኞቹ። ሥራ የሌለው ሰው ሥራ እየፈለገ መሆኑ ቢታወቅ ብዙም አይጎዳም። ሥራ ያለው ሰው ግን ሳይዘጋጅ ከታወቀበት የያዘውንም ሊያጣ ይችላል።

እኔ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ ሐዋሳ አንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል እሠራ ነበር። ሥራዬን እወደው ነበር። ደመወዙ ግን የቤት ኪራዩን አልችል አለ። ሌላ ሥራ መፈለግ ጀመርኩ። የአክስቴ ልጅ ድረ ገጽ መሥራት ይችላል። «ሲቪሽን ኦንላይን ላስቀምጥልሽ፤ ሊንኩን ብቻ ትልኪላቸዋለሽ» አለኝ። ደስ አለኝ። ፎቶዬን፣ የትውልድ ቀኔን፣ ስልኬን፣ የምኖርበትን ቀበሌ፣ የዲግሪዬን ኮፒ፣ የሦስት ሪፈረንሶቼን፣ ማለትም ስለ እኔ የሚመሰክሩልኝን ሰዎች ስምና ስልክ፣ ሁሉንም አስገባን። ከላይ በትልቁ «አዲስ የሥራ ዕድል እየፈለግሁ ነው» ብለን ጻፍን። «ሰው ቢያየውስ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ሊንኩን ያልሰጠሽው ሰው ከየት ያገኘዋል?» አለኝ። አመንኩት። እሱም የመሰለውን ነው የነገረኝ።

ሊንኩን የላክሁት ለሁለት ቀጣሪዎች ብቻ ነው። ከወር በኋላ አለቃዬ ቢሯቸው አስጠሩኝ። ስገባ ኮምፒውተራቸው ላይ ፎቶዬን አየሁት። «ልጄ፣ ልትለቂን ነው እንዴ?» አሉኝ። አልተቆጡም። ማዘናቸው ግን ያስታውቅ ነበር፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ክፉ የተናገረኝ ሰው የለም። ግን ስሜ ከሥልጠና ዝርዝር ወጣ። አዲስ ሥራ ሲመጣ «እሷ መሄዷ ነው» እየተባለ ለሌላ ይሰጣል። ሌላ ቦታ ሳላገኝ ስምንት ወር እንዲህ ተቀመጥኩ።

እንዴት አገኙት? አንድ ባልደረባዬ ለሌላ ጉዳይ ስሜን ጉግል ላይ ፈልጎ ነው። ጉግልስ ከየት አመጣው? የአክስቴ ልጅ የሠራቸውን ሥራዎች የሚያሳይበት የራሱ ገጽ አለው። የእኔን ሲቪ ከናሙናዎቹ አንዱ አድርጎ ሊንኩን እዚያ ለጥፎታል። የፍለጋ ሞተሮች የሚሠሩት እንዲህ ነው፤ አንዱ ገጽ ላይ ያገኙትን ሊንክ ይዘው ወደ ሌላው ይሄዳሉ። አንዲት ሊንክ ትበቃቸዋለች።

ከሁሉ በላይ ያመመኝ ግን ሌላ ነው። ከሪፈረንሶቼ አንዷ ያስተማሩኝ መምህር ናቸው፤ ትልቅ ሰው ናቸው። ስልካቸውን ከገጼ ላይ ያገኘ ሰው ደውሎ፣ ስሜን ጠርቶ፣ «ተማሪዎ ሥራ አግኝታለች፤ ለማስያዣ ቶሎ ገንዘብ ያስፈልጋታል» አላቸው። ብልህ ስለሆኑ ብር ከመላካቸው በፊት ለእኔ ደወሉ። ባይደውሉስ? የራሴን ስልክ ብበትን ጣጣው የራሴ ነው። የእሳቸውን ስልክ አደባባይ ላይ የማስጣት መብት ግን አልነበረኝም። ዛሬም ሳስበው ይሰማኛል። እባካችሁ፣ የሪፈረንስ ስምና ስልክ ድረ ገጽ ላይ አታውጡ። «ሲጠየቅ ይቀርባል» ማለት ይበቃል። ቀጣሪው ሲጠይቃችሁ ቀድማችሁ ደውላችሁ አስፈቅዱና ስጡ።

ከዚያ በኋላ ነገሩን ቁጭ ብዬ ተማርኩት። የገባኝም ይህ ነው፤ መደበቅና መቆለፍ ይለያያሉ። እኔ ሲቪዬን ደብቄው ነበር፤ አልቆለፍኩትም። በሩ ያልተቆለፈ ቤት ጭር ያለ ሰፈር ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ሰው ላይደርስበት ይችላል። አንድ ቀን ግን መንገድ የጠፋው ባጃጅ እንኳ ይደርስበታል።

ድረ ገጽ የሚሠሩ ልጆች «ሮቦትስ ዶት ቲኤክስቲ» የሚሏት ትንሽ ፋይል አለች። እንደ ፈረንጆቹ በ1994 ነው ሐሳቡ የመጣው። ለፍለጋ ሞተሮች «እባካችሁ በዚህ አትግቡ» የምትል ማስታወቂያ ናት። ጨዋዎቹ ያከብሯታል። ባለጌዎቹ ምን ያግዳቸዋል? ደግሞም ፋይሏን ማንም ሰው ከፍቶ ማንበብ ይችላል። ሲቪያችሁ ያለበትን አቃፊ ስም እዚያ ከጻፋችሁ ቦታውን በጣት እንደመጠቆም ነው።

ሌላው «ኖኢንዴክስ» ነው። ገጹ ኮድ ውስጥ የሚገባ ቃል ነው። ጉግል ሲያነበው ገጹን ከፍለጋ ውጤት ያወጣዋል። ይህኛው ይሻላል። ብዙ ሰው ግን እዚህ ላይ ይሳሳታል። ሁለቱንም አንድ ላይ ያደርጋል። «አትግባ» ከተባለ ጉግል ገጹን አይከፍትም፤ ካልከፈተ ደግሞ ኖኢንዴክስ የሚለውን አያየውም። ያኔ ሊንኩ ሌላ ቦታ ላይ ካለ አድራሻው ብቻውን ፍለጋ ላይ ሊወጣ ይችላል። ወርድፕረስ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ የምትጠቀሙ ልጆች የፍለጋ ሞተሮችን የሚያርቀውን ምርጫ ታውቁታላችሁ። ከሥሩ የተጻፈውንም አንብቡት። ጥያቄውን ማክበር የፍለጋ ሞተሮቹ ፈንታ ነው ይላል። ልመና ነው እንጂ ቁልፍ አይደለም።

ቁልፍ ማለት ፓስወርድ ነው። ወርድፕረስ ላይ ለእያንዳንዱ ገጽ ፓስወርድ ማድረግ ይቻላል። የራሳችሁ ሰርቨር፣ ማለትም ድረ ገጹ የሚቀመጥበት ኮምፒውተር ካላችሁ ገጹ ገና ሳይከፈት ስምና ፓስወርድ እንዲጠይቅ ማድረግ ትችላላችሁ። አድራሻው ግን በኤችቲቲፒኤስ (https) መጀመሩን እዩ፤ ያለዚያ ፓስወርዱ መንገድ ላይ ሊነበብ ይችላል። ጉግል ሳይትስ በሚባለው የጉግል ድረ ገጽ መሥሪያ ላይ ከሠራችሁት የምትፈልጓቸውን ሰዎች ኢሜይል ብቻ አስገብታችሁ ለሌላው መዝጋት ይቻላል። ጉግል ድራይቭ ላይ ያለ ሲቪም እንደዚያው ነው። «ሊንኩ ያለው ሁሉ» የሚለውን ከመረጣችሁ ሊንኩን ፎርዋርድ ያደረገ ሁሉ ቁልፉን አባዝቶ ሰጠ ማለት ነው።

ኮምፒውተር ሳይንስ ያጠናችሁ ልጆች ሲቪያችሁን ጊትሃብ በሚባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ ታወጣላችሁ። አንድ ነገር ልብ በሉ። ኮዱ ያለበት ቦታ ፕራይቬት ቢሆንም፣ በተራ አካውንት ከዚያ የወጣው ድረ ገጽ ለዓለም ሁሉ ክፍት ነው። ሌላም አለ። ለአድራሻችሁ የኤችቲቲፒኤስ ሰርተፍኬት ስታወጡ፣ የአድራሻው ስም ማንም ሊያየው በሚችል መዝገብ ላይ ይገባል። ስለዚህ ማንም የማይገምተው ስም ሰጥቼዋለሁ ብላችሁ አትተማመኑ።

አሁን ደግሞ ብዙዎቻችሁ ያልጠበቃችሁትን ልናገር። አብዛኞቻችሁ ድረ ገጽ ጭራሽ አያስፈልጋችሁም። እዚህ ከተማ ብዙ ቀጣሪ የሚፈልገው ሁለት ገጽ ሲቪና የማስረጃ ኮፒ ነው። የሒሳብ ባለሙያ፣ ነርስ፣ ሴክሬታሪ ከሆናችሁ ፒዲኤፍ በኢሜይል ላኩ፤ ይበቃል። ድረ ገጽ የሚጠቅመው ሥራውን በዓይን ማሳየት ላለበት ሰው ነው። ለዲዛይነር፣ ለፎቶግራፈር፣ ለአርክቴክት፣ ለፕሮግራመር። እነሱም ቢሆኑ ገጹን ሁለት ቢያደርጉት ጥሩ ነው። የውጭኛው ለሁሉም ክፍት ይሁን፤ ስም፣ ሙያ፣ የሥራ ናሙና፣ ለሥራ ብቻ የተከፈተ ኢሜይል። «ሥራ እየፈለግሁ ነው» የሚል ቃል ግን አይኑርበት። ማንም ባለሙያ እንዲህ ያለ ገጽ ቢኖረው አለቃው ምንም አይለውም። የውስጠኛው በፓስወርድ ይዘጋ፤ ሙሉ ሲቪው እዚያ ይቀመጥ። ፓስወርዱን በማመልከቻ ደብዳቤው ላይ ጻፉላቸው። ቅጥሩ ሲያልቅ ቀይሩት።

የትውልድ ቀን፣ የቤት ቁጥር፣ የፋይዳ ቁጥር፣ የእናት ስም፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ የዲግሪ ስካን የውስጠኛውም ገጽ ላይ አያስፈልጉም። ሲቪ ላይ እነዚህን መደርደር የቆየ ልማዳችን ነው። ወረቀት ፋይል ውስጥ ይቀመጥ በነበረበት ጊዜ ብዙም አይጎዳም ነበር። አሁን ግን ይህን ሁሉ አንድ ላይ ያገኘ አጭበርባሪ በስማችሁ ብዙ ነገር መሥራት ይችላል። በስልክ የተነሳችሁት ፎቶም የት እንደተነሳ መዝግቦ ሊይዝ ይችላል። ከመለጠፋችሁ በፊት ያንን አጥፉት።

ሊንክድኢን በሚባለው የባለሙያዎች ማኅበራዊ መረብ ላይ ሥራ እንደምትፈልጉ የሚታየው ለቀጣሪዎች ብቻ እንዲሆን መምረጥ ይቻላል። ድርጅቱ የራሳችሁ መሥሪያ ቤት ቀጣሪዎች እንዳያዩት እንደሚሞክር ይናገራል፤ ሙሉ ዋስትና ግን እንደማይሰጥ አብሮ ይናገራል። ቴሌግራም ላይ ስልክ ቁጥራችሁን ማንም እንዳያየው አድርጉ። በቢሮ ኮምፒውተር ሲቪ አትሥሩ። በቢሮ ኢሜይል አታመልክቱ። የቢሮ ፕሪንተር ላይ ተረስቶ የተገኘ ሲቪ ስንቱን አጋልጧል!

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ አንድ የስልክ ጥሪ ሊያፈርሰው ይችላል። ሐዋሳን ታውቋታላችሁ። የአንዱ መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ኃላፊ የሌላው አብሮ አደግ ነው። ፒያሳ ቡና ሲጠጡ «አንዷ ልጃችሁ እኛ ጋ አመልክታለች» ይባባላሉ። ክፋት አይደለም፤ ጨዋታ ነው። ስለዚህ ማመልከቻችሁ ላይ በግልጽ ጻፉት፦ «አሁን የምሠራበት መሥሪያ ቤት ማመልከቴን አያውቅም። እባካችሁ ሳታስፈቅዱኝ እንዳትደውሉላቸው።» ይህን ስጽፍ እኔም መጀመሪያ ፈርቼ ነበር፤ ትዕቢት እንዳይመስልብኝ። ማንም ቅር አላለውም። ደህና ቀጣሪ ያከብረዋል።

አንዳንድ ሰው «መደበቅ ክህደት አይሆንም ወይ?» ብሎ ይጠይቀኛል። አይሆንም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ እንዲለቅ ይፈቅዳል። አለቃችሁ ማወቅ ያለባቸው ያኔ ነው፤ ከእናንተ አፍ፣ በወረቀት። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መብት ያስከብራል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም አለን። ሲቪያችሁን የተቀበለ ድርጅት ላልሰጣችሁት ዓላማ ሊጠቀምበት አይገባም። ሕጉ ጥሩ ነው። ግን እኛው በገዛ እጃችን የበተነውን ሕግ ተመልሶ ሊለቅመው ይከብደዋል።

ቀድሞ የወጣባችሁም ካላችሁ አትደንግጡ። መጀመሪያ ገጹን አጥፉት ወይም ቆልፉት። ከዚያ ጉግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች ባዘጋጀው መሣሪያ (ሰርች ኮንሶል ይባላል) ገጹን ከፍለጋ ውጤት «አውርዱልኝ» ብላችሁ ጠይቁ። እሱ ለ6 ወር ያህል ብቻ ነው የሚሸፍነው፤ ለዚህ ነው መጀመሪያ ገጹን ዝጉ የምለው። ከ1996 ጀምሮ የድረ ገጾችን ቅጂ የሚያስቀምጥ ኢንተርኔት አርካይቭ የሚባል ተቋምም አለ። እዚያም አድራሻችሁን አስገብታችሁ እዩ፤ ቅጂ ካለ እንዲያነሱት በኢሜይል መጠየቅ ይቻላል።

አሁን ስልካችሁን አውጡና ስማችሁን ፈልጉት። አንድ ጊዜ ጽፎ መተው አይበቃም። «ፀሐይ» የሚለው ስም በ«ፀ»ም በ«ጸ»ም፣ በ«ሐ»ም በ«ሀ»ም ይጻፋል። በእንግሊዝኛ ፊደል ደግሞ ሐዋሳ ራሷ አንዴ በ«ኤች» አንዴ በ«ኤ» ትጀምራለች፤ የእናንተ ስም ስንት ዓይነት እንደሚጻፍ አስቡት። ሁሉንም ሞክሩ። ከዚያ ስልክ ቁጥራችሁን በ09ም በ+251ም አስገቡት። የሚያስደነግጥ ነገር ያገኘ ወደዚያ ጥግ ይምጣ። ሁለት ኮምፒውተር ተዘጋጅቷል። እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት እዚሁ ነኝ፤ አንድ በአንድ አብረን እንዘጋዋለን።

አመሰግናለሁ።