አዲስ ብራውዘር? መጀመሪያ ሞተሩን እንየው

ሰላም ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ! ዛሬም ከሐዋሳ ነኝ። የምትሰሙት ድምፅ የባጃጅ ነው። መስኮቱን ልዘጋው ነበር፣ ተውኩት፤ ለዛሬው ወሬ ያስፈልገኛል።

ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ አንድ አዲስ ብራውዘር ልካችሁልኝ "እስቲ ሞክረውና ንገረን፣ ለዌብ ዴቨሎፐር ይሆናል ወይ?" ብላችሁኛል። ሞከርኩት። ሳምንቱን ሙሉ ሥራዬን በሱ ሠራሁ። ታቦቹ በጎን ተደርድረዋል፣ ያምራል፣ ዓይን አያደክምም። ወደድኩት። ግን የጠየቃችሁኝ እንደ ዴቨሎፐር ነው አይደል? እንደ ዴቨሎፐር ከሆነ መልሱ ያለው ባጃጁ ጋ ነው።

ከፒያሳ ወደ አሞራ ገደል ዓሣ ልትበሉ ስትወርዱ ስንት ዓይነት ባጃጅ ታያላችሁ? አንዱ የቅዱስ ገብርኤልን ሥዕል ከፊት ሰቅሏል። አንዱ ወንበሩን ቀይ ሌዘር አልብሶታል። አንዱ የኋላ መስታወቱን በጥቅስ ሞልቶታል፣ እያነበባችሁ ትደርሳላችሁ። የአንዱ ስፒከር ደግሞ ደረታችሁ ውስጥ ይደልቃል። አራቱንም ጋራዥ አስገቧቸው። መካኒኩ ከኋላ ጎንበስ ብሎ ሲከፍታቸው ሞተሩ አንድ ነው! ካንዱ የፈታውን ካንዴላ ለሌላው ይገጥመዋል። ጎበዙማ ሳይከፍት በድምፁ ብቻ ይለየዋል።

ብራውዘርም እንደዚሁ ነው። ክሮም፣ ኤጅ፣ ኦፔራ፣ ብሬቭ፣ ቪቫልዲ፤ ጌጡ ሌላ ሌላ፣ ሞተሩ፣ ማለትም ኮዱን አንብቦ ገጹን የሚስለው ክፍል፣ አንድ ነው፤ ስሙም ብሊንክ። ኦፔራ ድሮ ፕሬስቶ የሚባል የራሱ ሞተር ነበረው፣ በፈረንጆቹ 2013 ሊተወው ወሰነ። ማይክሮሶፍትም በ2020 ኤጅን በዚሁ ሞተር አወጣው። የቀሩን ትልልቆቹ የፋየርፎክሱ ጌኮና የአፕል ብራውዘር የሳፋሪው ዌብኪት ናቸው። እኔ የሞከርኩት አዲሱስ? ብሊንክ! ኢንስፔክት ስትሉ የሚከፈተው ያው የምታውቁት ዴቭቱልስ ነው፣ የገጹን ኮድ የምናይበትና ስህተት የምንፈልግበት መስኮት። ስለዚህ ክሮም፣ ኤጅና እሱ ላይ ያየ ሰው በሦስት ብራውዘር ሞከርኩ አይበል። በአንድ ነው የሞከረው።

ሞተሩ የሚሠራውን ታውቁታላችሁ፣ ቶሎ ልለፈው፦ ኤችቲኤምኤሉን (የገጹን ይዘት የያዘውን ኮድ) አንብቦ እንደ ዛፍ በቅርንጫፍ ይደረድረዋል፣ ሲኤስኤሱን (የመልኩን ኮድ) ያለብሰዋል፣ ቦታ ይለካል፣ ይቀባል። ጃቫስክሪፕቱን፣ ገጹን የሚያንቀሳቅሰውን ኮድ፣ የሚያስኬደው ሌላ ክፍል ነው፤ ክሮም ጋ ቪኤይት፣ ፋየርፎክስ ጋ ስፓይደርመንኪ፣ ሳፋሪ ጋ ጃቫስክሪፕትኮር። ይሄው ነው።

አሁን አንድ ነገር ሳላነሳ አላልፍም፣ ምክንያቱም በየጊዜው ትጽፉልኛላችሁ፦ "ወንድሜ፣ እኔ ገጼን በአይፎንም በክሮም አይቼዋለሁ። ክሮም ክሮም ነው፣ ሳፋሪን ምን አደርገዋለሁ?"

አይደለም! አይፎን ላይ ያለው ክሮም ውስጡ ዌብኪት ነው። አፕል የሚፈቅደው የራሱን ሞተር ብቻ ስለነበር ፋየርፎክሱም፣ ኤጁም አይፎን ላይ ሲሆኑ ዌብኪት ናቸው። በ2024 በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሌላ ሞተር ተፈቅዷል፣ ለኛ ግን እዚህ ምንም አልተለወጠም። ቀለሙን አይታችሁ የምታውቁት ባጃጅ መስሏችሁ ትገባላችሁ፣ ሞተሩ ሌላ ነው።

ይህን የተማርኩት በሥራ ነው። ሐይቁ አካባቢ ላለች አንዲት ፔንሲዮን የመኝታ ማስያዣ ገጽ ሠራሁ። ክሮም ላይ አየሁ፣ ኤጅ ላይ አየሁ፣ አስረከብኩ። ባለቤቷ እትዬ ደወሉልኝ፤ "ልጄ፣ እንግዳዬ ቀኑን አላሳይ አለኝ ይላል።" አይፎን ነው። "በክሮም ይክፈተው በሏቸው" አልኳቸው። ያው ሆነ። ሄድኩ። ሪሴፕሽኑ ጋ ተቀምጬ ስልኩን ስቀበል፣ የመግቢያው ቀን መታየት ያለበት ቦታ ላይ "ኢንቫሊድ ዴት" (ልክ ያልሆነ ቀን) ይላል። ኮዴ ውስጥ ቀኑንና ሰዓቱን የለየሁት በባዶ ቦታ ነበር። የጃቫስክሪፕት ስታንዳርዱ በመካከላቸው "ቲ" የምትባለዋን ፊደል ይፈልጋል፤ ከዚያ ውጭ ያለውን እያንዳንዱ ሞተር እንደፈለገ ያነበዋል። ብሊንክ አለፈልኝ፣ የእንግዳው ስልክ አላለፈልኝም። ጥፋቱ የኔ ነበር። አንዲት ፊደል ጨምሬ ቀኑ ብቅ ሲል እትዬ ቡና አፍልተው ጠበቁኝ።

ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉማ፤ የዚህን ቀን ጉዳይ ኮዱን ከፍቼ በሚቀጥለው ቪዲዮ አሳያችኋለሁ።

ይህ ነገር ከልቤ ያሳስበኛል። መንገዱን ሁሉ በባጃጅ ስፋት ብንሠራው ነገ ሌላ መኪና በምን ይገባል? አይተነዋል እኮ። በፈረንጆቹ 2001 የወጣው የማይክሮሶፍት ብራውዘር ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 6 ገበያውን ሲይዝ ብዙ ገጽ ለሱ ብቻ ተጻፈ፣ ከሱ ለመላቀቅ ዓመታት ፈጀ። አሁን ሌዲበርድ የሚባል ብራውዘር እየተሠራ ነው። ከብሊንክም ከዌብኪትም ከጌኮም ኮድ ሳይወስድ ሞተሩን ከባዶ እየጻፈ ነው። አዲስ ማለት ለኔ ይህ ነው። ገጻችን በብሊንክ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ግን ሰው ሌዲበርድን ከፍቶ "ይሄ አይሠራም" ብሎ ይዘጋዋል።

ስለዚህ የላካችሁልኝን ጫኑት፣ ተጠቀሙበት፣ ደስ ይላል። ከጎኑ ግን ፋየርፎክስ ይኑር። ዌብኪት ላይ ለመሞከር ማክ፣ የአፕል ኮምፒውተር፣ የሌለን ደግሞ ሊኑክስ ላይ ግኖም ዌብ የሚባለውን ብራውዘር እንጫን፣ ሞተሩ ዌብኪት ነው። ከዚያም ከማስረከባችሁ በፊት ከጓደኛ አይፎን ለአምስት ደቂቃ ተዋሱ። እኔ አሁን የእትዬን ገጽ ባስተካከልኩ ቁጥር የምዋሰው የጎረቤቴን ነው፤ ገና በሩን ስቆረቁር ስልኩን ከፍቶ ያቀብለኛል።