የዊልኮ ሸክላዎችና ሳይጠናቀቁ የቀሩ ድምፆች

ሕይወት፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮቻችን። ዛሬ የምንወያየው ዊልኮ ስለሚባለው የቺካጎ ባንድ ነው፤ በተለይም አልበሞቹ ዳግም በሸክላ ስለታተሙበት መንገድና ከሌሎች ሙዚቀኞች ጋር ስለሠራቸው የጋራ ሥራዎች እንነጋገራለን። የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ጋሽ መስፍን፣ እነዚህን ሁለት ጉዳዮች በአንድ ዝግጅት እናንሣቸው ያሉት እርስዎ ነዎት። ምን አገናኛቸው?

ጋሽ መስፍን፦ እኔ ዊልኮን የምወደው ሌላ ሰው ጀምሮ የተወውን ሥራ አንሥቶ ለመጨረስ ባለው ትዕግሥት ነው። ባንዱ ከእንግሊዛዊው ዘፋኝ ከቢሊ ብራግ ጋር ሆኖ አንድ ባለቅኔ ያለ ዜማ የተዋቸውን ግጥሞች ዜማ ሰጥቷቸዋል፤ የባንዱ መሪ ጄፍ ትዊዲ ደግሞ አንድ አንጋፋ ዘፋኝ ሳይጨርሳቸው ያለፉትን ቅጂዎች ለፍጻሜ አብቅቷል። በኋላ የራሳቸውን የቆዩ ቴፖች ከመደርደሪያ ሲያወርዱም በዚያው ዓይን የተመለከቷቸው ይመስለኛል። ስለዚህ ዳግም እትሞቹን ከጋራ ሥራዎቹ ነጥዬ ላያቸው አልችልም።

ሕይወት፦ ባንዱን ለማያውቁት አድማጮች አመጣጡን በአጭሩ ላስታውስ። ጄይ ፋራርና ጄፍ ትዊዲ በኢሊኖይ ግዛት በምትገኘው በቤልቪል ከተማ የጀመሩት አንክል ቱፔሎ የተባለ ባንድ ነበር፤ በ1990 የመጀመሪያ አልበሙን ሲያወጣ የፓንክን ፍጥነትና ጩኸት ከጥንቱ የካንትሪ ዘፈን ጋር በማዋሐዱ፣ ኦልተርኔቲቭ ካንትሪ ለተባለው ስልት መንገድ ከጠረጉት አንዱ ሆነ። በ1994 ፋራር ሲለይ የቀሩት አባላት ዊልኮን መሠረቱ። የመጀመሪያው የዊልኮ አልበም በ1995 ወጣ፤ በዓመቱም አሥራ ዘጠኝ ዘፈኖች የያዘው ቢይንግ ዜር ተከተለ። አሁን ወደ ጋራ ሥራው እንለፍ።

ጋሽ መስፍን፦ ያ ባለቅኔ አሜሪካዊው የሕዝብ ዘፋኝ ዉዲ ጉትሪ ነው፤ በ1967 ሲያርፍ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ፣ ዜማቸው በወረቀት ያልሰፈረ ግጥሞችን ትቶ ነበር። ሀንቲንግተን የተባለው የነርቭ ሕመም በመጨረሻዎቹ ዓመታት ጊታር የመጫወት ችሎታውን ስለነጠቀው ዜማዎቹ፣ ከነበሩም፣ ከእርሱ ጋር ሄዱ። በዘጠናዎቹ ልጁ ኖራ ጉትሪ እነዚህን ወረቀቶች ለቢሊ ብራግ አቀረበችለት፤ ብራግም ዊልኮን ጋበዘ። መርሜድ አቬኑ የተባለው አልበም የወጣው በ1998 ሲሆን፣ ስሙ ዉዲ ከቤተሰቡ ጋር ይኖርበት የነበረው፣ በብሩክሊን ኮኒ አይላንድ የሚገኘው መንገድ ስም ነው። ሁለተኛው ጥራዝ በ2000 ወጣ።

ሕይወት፦ እኔን የነካኝ የግጥሞቹ ዓይነት ነው። ጉትሪን የምናውቀው ስለ ድርቅ ስደተኞችና ስለ ሠራተኛ መብት በመዝፈኑ ነው፤ በእነዚህ ወረቀቶች ላይ ግን የሕፃናት እንጉርጉሮ አለ፣ ለፊልም ተዋናይቷ ለኢንግሪድ በርግማን የተጻፈ የፍቅር ግጥም አለ፣ በከዋክብት ሥር ተጋድሞ ማረፍን ብቻ የሚመኝ የደከመ ሰው ቃል አለ።

ጋሽ መስፍን፦ ያ የመጨረሻው ካሊፎርኒያ ስታርስ ነው። ዜማውን የሠሩት ጄፍ ትዊዲና በዚያን ጊዜ የባንዱ አባል የነበረው ጄይ ቤኔት ናቸው፤ ቤኔት በዛሬው ውይይታችን ተመልሶ ስለሚመጣ ስሙን ያዙልኝ። እንዲህ ባለ ሥራ ሁለት ፈተናዎች አሉ። አንደኛው የሟቹን አዘፋፈን መኮረጅ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ግጥሙን ለራስ ዝና መጠቀሚያ ማድረግ ነው። እነርሱ ሁለቱንም አልፈዋል። ዜማው የዘጠናዎቹ ዜማ ነው፣ ቃሉ ግን ሳይነካ የጉትሪ ሆኖ ቀርቷል። እርግጥ ነው፣ በድምፅ ውሕደቱ ላይ ብራግና ዊልኮ ሳይስማሙ ቀርተዋል፤ አለመግባባቱ ግን ከሥራው ውበት አላጎደለም። በ2012፣ ጉትሪ በተወለደ በመቶኛው ዓመት፣ ከነዚያው ቀረጻዎች የተረፉት አሥራ ሰባት ዘፈኖች ሦስተኛ ጥራዝ ሆነው ከሁለቱ ጋር በአንድነት ታተሙ፤ ጠቅላላው አርባ ሰባት ዘፈን ማለት ነው።

ሕይወት፦ አንጋፋው ዘፋኝ ያሉትስ?

ጋሽ መስፍን፦ ፖፕስ ስቴፕልስ ነው፤ ስቴፕል ሲንገርስ የተባለው የቤተሰብ ዘፋኞች ቡድን አባት፣ የሜቪስ ስቴፕልስ ወላጅ። ትዊዲ በ2010 የሜቪስን ዩ አር ኖት አሎን የተባለ አልበም ዘ ሎፍት በሚባለው የዊልኮ ስቱዲዮ ውስጥ ፕሮዲውስ አድርጎ፣ አልበሙ በ2011 የግራሚ ሽልማት አግኝቶ ነበር። ፖፕስ ደግሞ በ2000 መጨረሻ ከማረፉ በፊት የጀመራቸው ጥቂት ዘፈኖች ነበሩት፤ ለልጁም ይህን እንዳትጥይው ብሎ አደራ ሰጥቷታል። ሜቪስ አደራውን ለትዊዲ አመጣችለት። እርሱ በቅጂው ላይ የተደራረቡትን መሣሪያዎች ቀናንሶ የአዛውንቱን ድምፅና ያንን የሚንቀጠቀጥ ጊታር ወደ ፊት አወጣው፤ ቤዙን ራሱ ተጫወተ፣ ከበሮውን ወንድ ልጁ ስፔንሰር መታ። ሥራው በ2015 ሲወጣ ርእሱ ያው የአደራው ቃል ሆነ። ሁለት አባቶችና ሁለት ልጆች በአንድ ሸክላ ላይ ተገናኙ ማለት ነው፤ እኔ ይህን ባሰብሁ ቁጥር ስሜቴን መግታት ያቅተኛል።

ሕይወት፦ እንግዲህ ወደ ዋናው ዳግም እትም እንግባ። ያንኪ ሆቴል ፎክስትሮት የተባለው አልበም ታሪክ ብዙ ተነግሯል፤ ሆኖም ፍሬ ነገሩን ሳናስታውስ የ2022ቱን እትም መረዳት አይቻልም። ባንዱ ቀረጻውን ጨርሶ በ2001 ሪፕራይዝ ለተባለው አሳታሚ ሲያስረክብ ኩባንያው አልቀበልም አለ፤ ባንዱም ቅጂዎቹን ይዞ ወጣ። በዚያው ዓመት በመስከረም አልበሙን በድረ ገጹ ላይ ለሁሉም በነፃ አሰማ። በሚያዝያ 2002 ነንሰች የተባለው አሳታሚ አወጣው፤ ነንሰችም ሪፕራይዝም የዋርነር ቅርንጫፎች ስለነበሩ አንድ ድርጅት ለአንድ አልበም ሁለት ጊዜ ከፈለ።

ጋሽ መስፍን፦ ስሙም የራሱ ምክንያት አለው። በአጭር ሞገድ ራዲዮ ላይ ቁጥርና ፊደል ብቻ የሚነበብባቸው፣ ለሰላዮች መልእክት ያደርሳሉ ተብለው የሚታሰቡ ጣቢያዎች ነበሩ። በሌሊት ጣቢያ ፍለጋ የራዲዮ ቁልፍ ያዞረ ሰው ያንን ከጩኸት ውስጥ ብቅ ብሎ የሚጠፋ ድምፅ ያውቀዋል። ከአልበሙ ዘፈኖች በአንዱ መጨረሻ ላይ የአልበሙ ስም የሆኑትን ሦስት ቃላት ደጋግማ የምታነብ ሴት ትሰማለች፤ ድምፁ የተወሰደው እንዲህ ያሉ ስርጭቶችን ሰብስቦ ካሳተመ ሥራ ነው፣ በፈቃድ ጉዳይም ክስ አስነሥቶ በስምምነት ተዘግቷል።

ሕይወት፦ በመስከረም 2022 ታዲያ ዳግም እትሙ ከሁለት ሸክላ አንሥቶ እስከ አሥራ አንድ ሸክላና አንድ ሲዲ ድረስ በተለያየ መጠን ታተመ። በትልቁ ሳጥን ውስጥ ከዚያ በፊት ያልታተሙ ሰማንያ ሁለት ቅጂዎች አሉ። በእውነቱ እኔ መጀመሪያ ላይ አልተዋጠልኝም ነበር። አንድን ዘፈን በአራትና በአምስት መልክ መስማት ለአድማጭ ምን ይጠቅመዋል? ዋጋውስ ቢሆን ተራ አድማጭ የሚደፍረው ነው?

ጋሽ መስፍን፦ በዋጋው አልከራከርሽም፤ እንዲህ ያለ ሳጥን ለሁሉም አይደለም። መደጋገሙን በተመለከተ ግን እኔ የማየው በሌላ መንገድ ነው። ብዙ ዳግም እትሞች ያንኑ አልበም በከባድ ፕላስቲክና በባለ ቀለም ሸክላ አትመው፣ ከወለሉ ላይ የተጠረጉ ሁለት ዘፈኖች ጨምረውበት ይሸጣሉ። ይህኛው ግን አልበሙ በየደረጃው የነበረውን መልክ፣ ለአልበሙ ታስበው የተጣሉትን ርእሶች ሳይቀር ይዞ፣ እንደ ሙሉ ሥራ ያቀርባል። በአንዱ ሸክላ ላይ ዘፈኑ ግልጽ የሮክ ዘፈን ነው፤ በሌላው ፍጥነቱ ወርዶ ፒያኖ ገብቶበታል፤ በሦስተኛው ደግሞ ድምፁ በጩኸት ተከቧል። የመጨረሻውን የድምፅ ውሕደት የሠራው ጂም ኦሩርክ መቀነስን ለምን እንደመረጠ የሚገባሽ የተቀነሰውን ስትሰሚ ብቻ ነው። ከእነዚህ ጋር በ2002 በሴንት ሉዊስ የቀረበ ኮንሰርትና በመስከረም 2001 የተደረገ የራዲዮ ቃለ ምልልስ ተካትተዋል።

ሕይወት፦ ጄይ ቤኔትን የጠቀሱት ለዚህ ነበር?

ጋሽ መስፍን፦ አዎን፣ ለዚህ ነበር። ቤኔት ከትዊዲ ጋር ብዙዎቹን ዘፈኖች የጻፈ፣ እጁ የገባበትን መሣሪያ ሁሉ የሚጫወት ሰው ነበር። አልበሙ ሊጠናቀቅ አካባቢ ከትዊዲ ጋር ባለመግባባት ከባንዱ ወጣ፤ በ2009 አረፈ። በ2002 የታተመው አልበም ላይ የእርሱ አሻራ ቢኖርም ብዙው በመጨረሻው ውሕደት ወደ ኋላ ተገፍቷል። በሳጥኑ ቀደምት ቅጂዎች ውስጥ ግን የገነባው የኪቦርድና የጊታር ሕንፃ ሙሉ ሆኖ ይሰማል። ያን ጊዜ ያሸነፈው የትዊዲ ሐሳብ ነው፤ እኔም ትክክለኛው እርሱ ነበር ባይ ነኝ። ይሁን እንጂ ባንዱ ከሃያ ዓመት በኋላ ያልተመረጠውን መንገድ ሳይሸፍን፣ የሞተው ባልደረባ ምን ሲያስብ እንደነበር አድማጭ እንዲሰማ ማድረጉን ከፍ አድርጌ አከብራለሁ።

ሕይወት፦ ሳጥኑ በ2023 ሁለት የግራሚ ሽልማቶችን አግኝቷል፤ አንዱ በታሪካዊ አልበም ዘርፍ፣ ሌላው ለአብሮት ላለው ጽሑፍ። ስለ ሸክላው ራሱስ፣ እንደ አሮጌ ሸክላ ሰብሳቢ ምን ይላሉ?

ጋሽ መስፍን፦ የሸክላ አንድ ገጽ ሃያ ደቂቃ ገደማ ሲይዝ ነው ድምፁ የሚያምረው። ከዚያ ሲበዛ የመርፌው መንገዶች መጠጋጋት ስላለባቸው ድምፁ ዝቅ ተደርጎ ይቆረጣል፤ ወደ መካከሉ በተጠጋን ቁጥርም በአንድ ዙር መርፌው የሚሄድበት ርቀት ስለሚያጥር ቀጫጭን ድምፆች ይደበዝዛሉ። ይህ አልበም ሃምሳ ደቂቃ ያልፋል፤ በሁለት ሸክላ፣ በአራት ገጽ መታተሙ የግድ ነው። የመጨረሻው ዘፈን ከሰባት ደቂቃ የሚበልጥ፣ አብዛኛው በጸጥታ ጫፍ ላይ የሚሄድ ስለሆነ ሰፊ ቦታ ማግኘቱ ይጠቅመዋል። በወጣትነቴ እኛ ቤት የነበሩት ሸክላዎች ሽፋናቸው የጠፋ፣ በጋዜጣ የተጠቀለሉ ነበሩ፤ ማን ከበሮ እንደመታ፣ በየትኛው ስቱዲዮ እንደተቀረጸ የሚነግረን አልነበረም። ከዘጠናዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የአምሃ ሪከርድስ ሥራዎች በኢትዮጲክስ ተከታታይ ከማብራሪያ ጽሑፍ ጋር ዳግም ሲወጡ ነው፣ አንዳንዱን ሙዚቀኛ በስሙ ያወቅሁት። ከሸክላ ጋር ለሚታተም ጽሑፍ ይህን ያህል የምሳሳው ከዚያ የተነሣ ነው።

ሕይወት፦ ሌሎቹ የዊልኮ አልበሞች፣ ሰመርቲት በ2020፣ ኤ ጎስት ኢዝ ቦርን ደግሞ በ2025 መጀመሪያ በተመሳሳይ መንገድ ታትመዋል፤ የሁለተኛው ትልቁ ሳጥን ዘጠኝ ሸክላና አራት ሲዲ ነው። እነዚህን በሌላ ጊዜ በሰፊው እንመለስባቸዋለን። ለዛሬ፣ ዊልኮን ሰምቶ የማያውቅ አድማጭ ከየት ይጀምር?

ጋሽ መስፍን፦ ሳጥን አይግዛ። የያንኪ ሆቴል ፎክስትሮትን ባለ ሁለት ሸክላ እትም ወስዶ፣ አራቱንም ገጾች በአንድ ምሽት፣ ስልኩን ዘግቶ ይስማ። ከወደደው የመርሜድ አቬኑን የመጀመሪያ ጥራዝ ያስከትል። ሳጥኑን ዘፈኖቹን በቃሉ ላወቀ ሰው ይተወው፤ ለውጡ የሚሰማው ለእርሱ ነውና።

ሕይወት፦ እንግዲያው ከዚያው ጥራዝ አንዱን ይዘን እንለያያለን። መርፌውን ያሳርፉልን?

ጋሽ መስፍን፦ ካሊፎርኒያ ስታርስ። ግጥም ዉዲ ጉትሪ፣ ዜማ ጄይ ቤኔትና ጄፍ ትዊዲ።