ዋች (የጥበቃ ተራ) ላይ ያለው ሰው ስንት ሰዓት ተኛ?

ውድ የመርከብ ባልደረቦቼ፣ ቢሮ ሆናችሁ መርከብ የምታስተዳድሩ ወንድሞችና እህቶችም፣ ስለመጣችሁ በጣም አመሰግናለሁ።

አንድ አደጋ ሲደርስ "የሰው ስህተት ነው" ይባልና ፋይሉ ይዘጋል። ሰውየው ከቤቱ ከወጣ ስንት ወር ሆነው፣ እንቅልፍ ይወስደው ነበር ወይ፣ ይሄን የሚጠይቅ ብዙም አላየሁም፣ ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩትም ይሄንኑ ነው።

2020ን አስታውሱ። ኮሮና ገባ፣ ወደቦች ተዘጉ፣ በረራ ቆመ፣ ኮንትራታችን አልቆ ሻንጣ ከያዝን በኋላ "ትንሽ ታገሱ" ተባልን። በዛ ዓመት መጨረሻ አካባቢ ኮንትራቱ አልቆ መርከብ ላይ የቀረው መርከበኛ ወደ 400,000 ይጠጋል ተብሎ ነበር፣ እነሱን ሊተካ የሚጠብቀውም በዛው ልክ ቤቱ ቁጭ ብሎ ነበር። የ2006ቱ የባህር ሠራተኞች ስምምነት እኮ ሰው 12 ወር ሳይሞላው ወደ ቤቱ ይመለስ ይላል።

እኔ ያኔ ሁለተኛ መኮንን ነበርኩ፣ ዋቼ ከሌሊቱ 6 እስከ 10 ሰዓት፣ መርከብ ላይ ከወጣሁ 13ኛ ወር ሆኖኛል። ብሪጅ ላይ፣ መርከቡ የሚመራበት ክፍል ማለት ነው፣ ተረኛው እንዳይተኛ በየተወሰነ ደቂቃ የሚጮህ አላርም አለ፣ በተኑን ስትነኩት ዝም ይላል። አንድ ሌሊት ቆሜ ራዳሩን እያየሁ ነው ብዬ ነው የማስበው፣ ግን እጄ ለብቻው በተኑን እየነካ እኔ የለሁም። አብሮኝ ያለው ጠባቂ "ሴኮንድ፣ መብራት!" አለኝ፣ አልሰማሁትም፣ ሦስተኛው ላይ ትከሻዬን ይዞ ነቀነቀኝና ቀና ስል የአሳ አጥማጆች ጀልባ ከፊታችን በስተቀኝ፣ በጣም ቅርብ፣ መሪውን ቶሎ አዞርነውና ተረፉ። እስካሁን ያቺ ትንሽ መብራት ትመጣብኛለች።

ጠዋት ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ፣ የእረፍት መዝገቡ ላይ 10 ሰዓት ተኝቻለሁ ብዬ ፈረምኩ። ደንቡ በ24 ሰዓት ቢያንስ 10፣ በ7 ቀን 77 ሰዓት እረፍት ይላል፣ እውነቱን ብጽፍ ቢሮው "አስተካክለህ ላክ" ብሎ ይመልሰዋል፣ ከዛ በፊትም መልሶብኛል። ስለዚህ ወረቀት ላይ ሁላችንም ጥሩ እንቅልፍ የተኛን ሰዎች ነን።

ኢንጅን ክፍል ደሞ አንድ ልጅ ነበረን፣ አባቱ ሞቶ መቅበር አልቻለም። መጀመሪያ ምግብ ቤት መምጣት ተወ፣ ቀጥሎ ማውራት፣ ከዛ ሁልጊዜ ራሱ የሚዘጋውን ቫልቭ ክፍት ትቶ ሄደ። ቫልቩን ሁሉም አየ፣ ሪፖርትም ተጻፈ፣ ከሳምንታት በፊት ባዶ የነበረችውን ወንበሩን ግን ማንም አልጻፋትም፣ እኔም ጭምር።

ዋካሺዮን ታስታውሳላችሁ፣ ጁላይ 25 ቀን 2020 ሞሪሺየስ ጋ ሪፍ (የኮራል ድንጋይ) ላይ ወጥታ ወደ 1,000 ቶን ነዳጅ ባህር ላይ የፈሰሰባት መርከብ። ወደ ዳርቻው የተጠጋችው የሞባይል ሲግናል ለማግኘት ነበር። ካፒቴኑና የመጀመሪያ መኮንኑ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብለዋል፣ ጥፋት የለባቸውም አልልም፣ ቻርቱን (የባህር ካርታውን) ማየት ነበረባቸው። ግን ከቤተሰብ ድምፅ የተቆረጠ ሰው ለሁለት ባር ሲግናል ምን ያህል እንደሚሄድ እዚህ ያላችሁ መርከበኞች ታውቁታላችሁ። መርከብ ላይ ኢንተርኔት እንዲኖር ያ የ2006ቱ ስምምነት የተሻሻለው 2022 ላይ ነው፣ ሥራ ላይ የዋለው ደሞ ዲሴምበር 2024፣ ለኛ በጣም ዘግይቷል።

ቢሮ ያላችሁ፣ እባካችሁ እውነተኛ መዝገብ ሲመጣላችሁ አትመልሱት፣ ተጨማሪ ሰው ላኩ። ካፒቴኖች፣ ዋች ሲቀያየር ብሪጅ ውጡና ተረካቢውን ልጅ ፊቱን እያያችሁ ስንት ሰዓት ተኛህ በሉት፣ ሁለት ካላችሁ መልሱትና እናንተ ቁሙለት።