የእማዬ ድምፅ የትኛው ፎልደር ውስጥ ነው?

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ስልክን ኮምፒውተር ላይ ባክአፕ ስለማድረግ፣ ማለትም በውስጡ ያለውን ገልብጦ ስለማስቀመጥ ላወራችሁ ነው። ርዕሱ ደረቅ ሊመስል ይችላል። ለእኔ ግን የቤተሰብ ጉዳይ ነው።

ስልክ ጠፋ ሲባል ሰው መጀመሪያ ዋጋውን ይጠይቃል። ቀጥሎ "ፎቶዎችህስ?" ይላል። "ቮይሶቹስ?" ብሎ የጠየቀ ሰው ግን አጋጥሞኝ አያውቅም። እኔ ደግሞ ከሁሉም አብልጬ የምሳሳው ለእነሱ ነው።

እናቴ ደሴ ነው የምትኖረው። ቴክስት አትጽፍም። ዋትስአፕ ላይ ማይኩን ጫን አድርጋ ታወራለች። መጀመሪያ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች። ከዚያ "አለህ ወይ የኔ ልጅ? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ትላለች። ከጀርባ ዶሮ ይጮኻል። የጎረቤት ልጅ "እትዬ!" ብሎ ይጣራል፤ እሷም ጣቷን ሳታነሳ "መጣሁ!" ትለውና ወሬዋን ትቀጥላለች። ይህን ፎቶ አይዝልኝም። ቤይሩት ወይም ጂዳ ሰው ቤት የምትሠራ እናት ደግሞ ልጇ አፉን ሲፈታ የሰማችው በቮይስ ይሆናል። እሱ ቮይስ ዛሬም ያለው አንድ ስልክ ውስጥ ብቻ ከሆነ በጣም ያሳስበኛል።

"ጉግል ላይ ይቀመጥ የለ እንዴ?" የምትሉ አላችሁ። ይቀመጣል፣ እስኪሞላ ድረስ። በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ነው፤ እሱንም ኢሜይሉ፣ ፎቶውና ፋይሉ ይካፈሉታል። ጉግል ፎቶስ እንደ ፈረንጆቹ ከሰኔ 2021 ጀምሮ ያለ ገደብ በነፃ ማስቀመጥ አቁሟል። ከ2024 ወዲህ ደግሞ የአንድሮይድ ዋትስአፕ ባክአፕም ከዚያው ቦታ ላይ ይቀነሳል። ከሞላ በኋላ ባክአፑ ቀጥ ይላል። ማስጠንቀቂያውን ደግሞ ሁላችንም ሳናነብ ነው የምናልፈው።

ሌላም አለ። ክላውድ፣ ማለትም እንደ ጉግል ያለው ማስቀመጫ፣ ኢንተርኔት ይፈልጋል። በእኛ አቆጣጠር በ2012 ክረምት ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተዘግቶ ነበር። በ2013 ትግራይ፣ በ2015 ክረምት ደግሞ አማራ ክልል ላይ የሆነውን እዚያ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ። ባይዘጋም እንኳ ብዙ ጊጋባይት በሞባይል ዳታ መጫን ፓኬጅ ይጨርሳል። ኬብል ግን ዳታ አይበላም።

እንግዲህ አንድሮይድ ስልክ ያላችሁ ወደ ሥራው እንግባ። ስልኩን በኬብል ላፕቶፑ ላይ ስትሰኩት ብዙ ጊዜ ቻርጅ ብቻ ነው የሚያደርገው። ከላይ ወደ ታች ጎትታችሁ የዩኤስቢውን ማሳወቂያ ንኩና "ፋይል ትራንስፈር" የሚለውን ምረጡ። የስክሪኑ ቁልፍ መከፈት አለበት፤ ካልተከፈተ ላፕቶፑ ባዶ ፎልደር ያሳያችኋል። ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ምንም ካልመጣ ኬብሉን ቀይሩ። ቻርጅ ከማድረግ በቀር ፋይል የማያስተላልፍ ኬብል ገበያው ላይ ሞልቷል።

በካሜራ የተነሱ ፎቶዎች "ዲሲአይኤም" የሚባለው ፎልደር ውስጥ ናቸው። ብዙ ሰው እሱን ኮፒ አድርጎ ጨረስኩ ይላል። ቮይሱ ግን እዚያ የለም። አዳዲስ ስልኮች ላይ መንገዱ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ አንድሮይድ፣ ከዚያ ሚዲያ፣ ከዚያ "ኮም ነጥብ ዋትስአፕ"፣ ከዚያ ዋትስአፕ፣ አሁንም ሚዲያ፣ መጨረሻ ላይ "ዋትስአፕ ቮይስ ኖትስ"። እሱን ስትከፍቱ ቁጥር ብቻ የተጻፈባቸው ፎልደሮች ተደርድረው ታገኛላችሁ። ቁጥሩ ዓመቱና የዓመቱ ሳምንት ነው። 202410 ካለ በፈረንጆቹ የ2024 አሥረኛው ሳምንት ማለት ነው። በውስጡ ያሉት ፋይሎች "ፒቲቲ" ብለው ይጀምሩና የቀኑ ቁጥር ይከተላል። የተናጋሪው ስም ግን የትም የለም። የእናታችሁም፣ የአለቃችሁም፣ የዕቁብ ሰብሳቢውም ድምፅ አንድ ላይ ተደባልቋል።

ለዚህ ነው ዋናውን ፎልደር ኮፒ ካደረግሁ በኋላ የምወዳቸውን ሰዎች ቻት ለየብቻ የማወጣው። የእማዬን ቻት እከፍታለሁ፣ ሦስቱን ነጥብ እነካለሁ፣ "ሞር" የሚለው ውስጥ ገብቼ "ኤክስፖርት ቻት" እላለሁ፣ ከነሚዲያው የሚለውን እመርጣለሁ። ከድምፆቹ ጋር አንድ የጽሑፍ ፋይል ይወጣል። ማን፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ የትኛውን ፋይል እንደላከ በዝርዝር ይነግራችኋል። ከብዙ ዓመት በኋላ ለሚያዳምጥ የልጅ ልጅ ይህ ዝርዝር ከድምፁ እኩል ያስፈልገዋል ብዬ አምናለሁ። ድምፁን ላፕቶፕ ላይ ለመስማት ቪኤልሲ የሚባለው ማጫወቻ ይበቃል።

አደራ፣ ኮፒ እንጂ "ከት" (ቆርጦ ማዛወር) አታድርጉ። መሀል ላይ ኬብሉ ቢነቃነቅ ከሁለቱም ወገን ልታጡ ትችላላችሁ። ኮፒው ሲያልቅ ስልኩን ንቀሉና ከላፕቶፑ ላይ ጥቂት ፋይል ከፍታችሁ አዳምጡ። ጋለሪውን ማጽዳት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

አይፎን የያዛችሁ መንገዳችሁ ሌላ ነው። ዊንዶውስ ላይ በአይቲዩንስ ወይም "አፕል ዲቫይስስ" በሚለው፣ ማክ ላይ ደግሞ በፋይንደር ሙሉ ባክአፕ ይወሰዳል። እዚያ ላይ "ኢንክሪፕት" (በፓስዎርድ መቆለፍ) የሚለውን ምልክት አድርጉበት፤ ያለዚያ የተቀመጡ ፓስዎርዶችና የጤና መረጃ አብረው አይመጡም። ለባክአፑ የምታወጡትን ፓስዎርድ ወረቀት ላይ ጻፉት። እሱ ከጠፋ ባክአፑ አይከፈትም፣ አፕልም አይከፍትላችሁም። ያም ሆኖ ያ ባክአፕ ለስልኩ ነው፤ ከውስጡ አንድ ቮይስ ለይታችሁ እንደ ዘፈን አትከፍቱትም። ስለዚህ የቻት ኤክስፖርቱ ለእናንተም አይቀርም።

ላፕቶፕም ይሰረቃል፣ ዲስኩም ይበላሻል። እኔ ሁለተኛ ኮፒ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ አድርጌ እህቴ ቤት አስቀምጫለሁ። የሷንም እኔ ጋ አስቀምጣለች።

ቴሌግራምን ዛሬ አልነካሁትም፤ የሱ ኤክስፖርት የሚሠራው ከኮምፒውተሩ አፕ ስለሆነ ለሚቀጥለው ክፍል ይዤዋለሁ። የነገርኳችሁን ፎልደር ፈልጋችሁ ካጣችሁት የስልካችሁን ሞዴል ጻፉልኝ፤ አብረን እንፈልገዋለን።