መደቡ የሱ፣ ግድግዳው የሷ

ሰላም፦ እኔ ሐረር የሄድከው ጅብ ልታበላ መስሎኝ ነበር። አንተ ከመጣህ ጀምሮ የምታወራው ስለ ቤት ነው።

ዮናስ፦ ጅቡንም አብልቻለሁ፣ አልዋሽም። ግን ልቤ የቀረው ቤቱ ጋ ነው። ጀጎል ውስጥ አንድ የድሮ የሐረሪ ቤት አደርኩ። ጫማዬን አውልቄ ገባሁና በሩ አጠገብ ቁጭ ልል ስል የቤቱ እመቤት ሳቁብኝ። «እዚያ አይደለም፣ አንተ እንግዳ ነህ፣ ወደ ላይ ውጣ!»

ሰላም፦ ፎቅ አለው እንዴ?

ዮናስ፦ አይ፣ መደብ ነው። እነሱ ነደባ ይሉታል። ሳሎኑ ውስጥ ከፍ ዝቅ ያሉ 5 መደቦች አሉ፣ ወንበር የሚባል ነገር የለም። አሚር ነደባ የአባወራው ነው፤ እዚያ ሆኖ ማን እንደገባ ያያል። በሩ ጀርባ ያለው ደግሞ ዝቅ ላለው ሰው ነው። እኔ ልቀመጥ የነበረው እንግዲህ እዚያ ነው።

ሰላም፦ ሰርግ ላይ «ይሄ የሙሽራ ቤተሰብ ቦታ ነው፣ ተነሱ» ከሚሉን ይሻላል። ቤቱ ራሱ ነግሮህ ያርፈዋል። ሴቶቹስ?

ዮናስ፦ ከሳሎኑ ጎን ኪርታት የምትባል ክፍል አለች። ዱሮ ሙሽሮች የጫጉላ ጊዜያቸውን እዚያ ተዘግተው ያሳልፉ ነበር። ከበሩ በላይ ደግሞ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ምንጣፍ ካየሽ፣ ለትዳር የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው ይላሉ።

ሰላም፦ ፕሮፋይል ፒክቸር ምን ያደርጋል! ግን ልጅቷን ማን ጠየቃት? አፏን ሳትከፍት ቤቱ ተናገረላት እኮ።

ዮናስ፦ እሱስ ልክ ነሽ። ግድግዳውን ግን ብታዪው! ሰውዬው መደቡ ላይ ጉብ ይላል፣ ከኋላው ያለው ግድግዳ ግን ከላይ እስከ ታች የሴቶች ስፌት ነው። ሾጣጣ ክዳን ያለው አለ፣ እንደ ሰፌድ ጠፍጣፋ የሆነ አለ፣ ሁሉም ቦታ ቦታ አለው። አንዱን ጠጋ ብዬ አየሁት፤ አለላው ከመጥበቁ የተነሳ ጥፍር አያስገባም። እንግዳ ሲገባ ዓይኑ መጀመሪያ የሚሄደው እዚያ ነው። አባወራው ቁጭ ብሎ የሚኩራራው በሚስቱና በእናቱ እጅ ሥራ ነው።

ሰላም፦ እኔ እንዳንተ ቶሎ አልደሰትም። ሠዓሊዋን ሉዊዝ ቡርዥዋን ታውቃታለህ አይደል? በፈረንጆቹ 1940ዎቹ፣ ኒውዮርክ ሦስት ወንዶች ልጆች እያሳደገች የሳለቻቸው «ፋም ሜዞን» የሚባሉ ሥዕሎች አሏት። «ሴት ቤት» እንደማለት ነው። ከታች ራቁቷን ያለች ሴት፣ ከላይ ግን ጭንቅላት የለም፣ ቤት ነው። በአንዱ ላይ ከቤቱ ጎን ትንሽዬ እጅ ወጥታለች። ሰላም ትበል አድኑኝ ትበል አይታወቅም።

ዮናስ፦ ኧረ ያስፈራል!

ሰላም፦ እኔ ኮንዶሚኒየማችን ትዝ ይለኛል። ኩሽናው ሁለት ሰው አያስቆምም። እንግዳ ሲመጣ እማዬ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ሽንኩርት ታቁላላለች፣ ሳቁ ከሳሎን ይመጣል። ምን እንዳሳቃቸው ነገ ነው የምትሰማው። ስለዚህ ስፌቱ ያምራል፣ እሺ። ሰፊዋስ የት ተቀመጠች?

ዮናስ፦ እሱን ልነግርሽ ነበር። ማታ ከጅቡ ስመለስ የቤቱ እመቤት አሚር ነደባው ላይ ናቸው። ጫታቸውን ከጎን አድርገው፣ የቴሌቪዥኑን ሪሞት ይዘው።